ደረተ ቀይዋና የኧርኒ ዘር ድንች

ኧርኒ ሲሞት ለሚስቱ ለዊኒ የተወላት አደራ አንድ ብቻ ነበር፤ ድንቹ። ድንች ስላችሁ ገበያ ላይ የሚዛቀው እንዳይመስላችሁ። ከአባቱ የወረሰው፣ ልጡ ወይን ጠጅ የሆነ፣ በእንግሊዟ ከተማ በባርንስሊ ሌላ ማንም የሌለው ዘር ነው። አንድ ዓመት ካልተተከለ ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰ ደግሞ በቃ፣ ዘሩ ጠፋ። "ስቅለት ሳያልፍ ትከይው፣ በሰማይ በምድር አደራ" ብሏት ነበር፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

እንደ ኧርኒ ያለው ሰው እየተከራየ አትክልት በሚያለማባቸው በእነዚያ ጓሮዎች ድንች የሚተከለው በስቅለት ዕለት ነው። ያን ቀን ሰይጣን በመሬት ላይ ሥልጣን የለውም፤ ከዚያ በኋላ የተተከለ ግን የሱ ድርሻ ነው ይባላል። አምናለሁ የሚል ሰው አታገኙም። ደፍሮ የሚያሳልፈውም አታገኙም።

ዊኒ በስቅለት ማለዳ የጓሮውን ዕቃ ቤት በር ከፈተች። ኧርኒ ዘሩን እንዲያቆጠቁጥ ብሎ በእንቁላል ካርቶን ደርድሮ መስኮቱ ሥር ትቶታል። ድንቹ መሃል ግን ከሣርና ከደረቅ ቅጠል የተሠራ ጎጆ አለ፤ ጎጆው ውስጥ ደግሞ ደረተ ቀይዋ ወፍ! ኧርኒ ሲቆፍር እግሩ ሥር እየተንደረደረች ትል የምትለቅመው ናት፤ በተሰበረው መስታወት ገብታለች። ሁለቱ ባለቤቶች ተፋጠጡ። ዊኒ እጇን ስትዘረጋ ወፏ ብር አለች፤ እንቁላሎቹ ታዩ። ዊኒ ደንግጣ ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

"ምነው ዊኒ፣ አካፋ ይዘሽ የተገተርሽው? ፎቶ እናንሳሽ?" አለ ክላይቭ። ክላይቭ የአጥር ጎረቤቷ ነው፤ የኧርኒ ጓደኛ፣ ራሱ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ መላጣ፣ ምላሱ የማያርፍ።

"ወፍ ታቅፋለች። ድንቹ ላይ።"

"እና? አንሺያትና ትከይ! ሌላ ትጥላለች።"

"ከቀረብኳት እኮ እንቁላሏን ትታ ትሄዳለች። ይሄ ጠፍቶህ ነው?"

"ወይ ጉድ! ሰውዬው ዕድሜ ልኩን አንዲት ስቅለት አላሳለፈም። ገና አፈሩ ሳይደርቅ ለወፍ ብለሽ አደራ ልትበዪ?"

ቃሉ አንጀቷ ድረስ ገባ። ዊኒ ግን በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዋ መቀመጥ ሆነ። ከዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ የሌላው ሰው አካፋ ከሩቅ እየተሰማት ታሸልባለች። ኧርኒ ጸጉር አስተካካይ ጋ አልሄድም የሚል ሰው ስለነበር የምትከረክመው እዚችው ላይ ነበር። መጥረጊያ ስታነሳ "ተይው፣ ነፋስ ይወስደዋል" ይላታል። በብርዱ ወራት መጨረሻ ፀሐይ ብልጭ ያለች ቀን ከርክማዋለች፤ የመጨረሻቸው ሆነ። አንዳንዴ በእንቅልፍና በንቃት መሃል መቀሱ ይሰማታል። ዓይኗን ስትገልጥ ወፏ ናት፣ ትል ይዛ በመስኮቱ ሽው ስትል። ያኔ ደስም ይላታል፣ ይቆጫታልም፤ የጎረቤቶቿ ድንች እኮ ቅጠል አውጥቷል።

የጓሮው ፖም ዛፍ አበባው ሲረግፍ ጫጩቶቹ ጎጆውን ለቀው በረሩ፤ አንዷ ዊኒ ጫማ ላይ አርፋ ነበር። ዊኒ ገባች። ድንቹ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማዷል፤ ከፊሉ በስብሷል። ጎጆውን ግን ወፏ ተመልሳ ትገባበት ይሆናል ብላ አልነካችውም፤ ዙሪያውን ብቻ ለቀመች። ያን ዕለት ብቻዋን ተከለች። "ሰይጣን ሆይ፣ እስቲ ሞክረኝ!" አለች ጮክ ብላ። ክላይቭ ሰምቶ አልሳቀም፤ አንድ ጋሪ ፍግ ገፍቶ አመጣና መደቧ ዳር ዘርግፎላት ሄደ።

በጋው ረዥም ነበር። ማምሻውን አንዲት ትንሽ ጃርት ከአጥሩ ሥር ብቅ ብላ ቀንድ አውጣ ታላምጣለች፤ እንቁራሪት ከድንቹ ቅጠል ጥላ ወጥታ ዊኒን ትኩር ብላ ታያለች። ዊኒም እነሱን እያየች ምሽቱን ታደርሳለች፤ ልቧ ግን ከአፈሩ ሥር ነው።

ቅጠሉ ሲጠወልግ አካፋውን ሰደደች። የመጀመሪያው ባዶ። ሁለተኛውን ስትገለብጥ ወይን ጠጅ ድንች ተንከባለለ፤ ትንንሽ ነው፣ ግን ብዙ! ደረተ ቀይዋ ከየት መጣች ሳትባል አካፋው እጀታ ላይ ጉብ አለች። ዊኒ ተንበርክካ አለቀሰች።

"ሰይጣን ጠግቦ ኖሯል" አለ ክላይቭ፣ ዕቃ ቤት ድረስ እየተሸከመላት።

አዲሱን ዘር ለመደርደር ካርቶኑን ማጽዳት ነበረባት። አሮጌውን ጎጆ አነሳችና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ውስጡ፣ እንቁላሎቹ የተኙበት፣ ለስላሳ ነጭ ነገር ተነጥፎበታል። ነካችው። አጫጭር፣ በመቀስ የተከረከመ ጸጉር።

"የምን ጸጉር ነው?" አለ ክላይቭ።

"የኧርኒ።"

ክላይቭ ኮፍያውን አወለቀ። "ከኔ ራስማ ወፏ ባዶዋን ነበር የምትመለሰው" አለ፣ መላጣውን እየዳበሰ።

ዊኒ እያለቀሰች ሳቀች። ጎጆውን ወደ ቦታው መለሰችና ዘር ድንቹን በዙሪያው ደረደረች።