ጋሽ ሃስሙክ የትም አይሄዱም

በሚያዝያ ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ በቴሌቪዥን ያየውን ሰው መሆን ጀመረ። የጀመረው ከጭንቅላቱ ነው። ድራማው ውስጥ ያለው ሕንዳዊ መምህር ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ክፍል ሲገባ፣ ሶፋችን ላይ የተቀመጠው የአባቴ ጭንቅላትም ተወዛወዘ። ድራማው አልቆ ማስታወቂያ ሲመጣ የሰውየው ቆመ። የአባቴ አልቆመም።

«አንገትህን ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። «አቦ ተይው፣ ይለቀኛል።»

አልለቀቀውም።

አባቴ ሃስሙክ ይባላል። የተወለደው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። አያቴ ከሕንድ፣ ከጃምናገር ከተማ ጨርቅ ጭኖ መጥቶ ቀረ። አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይናገራል፤ በሦስቱም ይሳደባል። ሕንድ አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ሄዶ ነበር፤ በዐሥረኛው ቀን «አገሬ መልሱኝ» ብሎ አስጨንቋቸው ተመለሰ። እኔ ኮኪላ እባላለሁ። መጋላ መግቢያ ላይ ፋርማሲ አለኝ። ነገር ማጋነን አልወድም።

ድራማው «የሰባተኛ ክፍል ጣጣ» ይባላል፤ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። መምህሩን በሕንዶች ቅመም ስም «ሚስተር ማሳላ» ብለውታል። ሰፈሩ በሙሉ ያየዋል፣ ይስቃል። የመጀመሪያው ቀን እኔም ስቄያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ክፍል ሦስት ላይ ሚስተር ማሳላ ሱቅ ሄዶ «እኔ ዳቦ ሁለት መፈለግ ነው» አለ። በነጋታው አባቴ ከሱቅ ባዶ እጁን መጣ። ከባለሱቁ ከአብዱረዛቅ ጋር ሃምሳ ዓመት ሲያወጋ የኖረ ሰው «እኔ ዳቦ ሁለት መፈለግ ነው» ብሎት፣ አብዱረዛቅ የቀለደ መስሎት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አባቴ ቤት ገብቶ አፉን በመዳፉ ይዞ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«እኔ… ቃል መጥፋት ነው» አለ። ራሱ አባቴ ውስጡ አለ፤ የሚያስበውን ያስባል፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ይወጣል። ዓይኑን አይቼ ነው ያወቅኩት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ክፍል አምስት ላይ ተማሪዎቹ ሚስተር ማሳላ ሲያልፍ አፍንጫቸውን ያዙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ባለፈበት ሁሉ ቅመም ይሸት ጀመር። እኛ እኮ የበላነው ፉል ነው! ባጃጅ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፈነች። ባጃጁ ራሱ ከየት አገር እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ክፍል ስምንት ላይ ሚስተር ማሳላ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ዛፍ እየዞረ መጨፈር ጀመረ። ድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አይጠፋም። አባቴ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። ግቢያችን ያለውን የኒም ዛፍ እየዞረ ሲጨፍር፣ ያስተማራቸው ትልልቅ ሰዎች በአጥሩ ላይ ስልካቸውን ደቅነው ቀረጹት። ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዤ ወጣሁና ደፋሁባቸው። ዛሬም ቢሆን እደፋባቸዋለሁ።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የነርቭ ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «ስንተኛው ክፍል ላይ ናችሁ?» አለኝ።

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ ሦስት ላይ ያልቃል፤ አይዞሽ። የባለቤቴ እህት ድራማው ላይ ነው የምትሠራው። መጨረሻው ላይ ሰውየው አውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ አገሩ ይሄዳል።»

«ወደ የትኛው አገሩ?»

ሐኪሙ አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርዱን አየ። «እንግዲህ…» አለና ቫይታሚን ጻፈልን። ቫይታሚን እኔም እሸጣለሁ።

ቤት ስንደርስ የአያቴ ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ አናት ወርዶ በሩ አጠገብ ቆሟል። መልሼ ሰቀልኩት። ምሳ በልተን ስንነሣ እንደገና በሩ አጠገብ ነበር። ስከፍተው የአባቴ ሸሚዞች ታጥፈው ተደርድረዋል። እሑድ ክፍል ዐሥራ ሁለት ሲያልቅ ደግሞ የአባቴ እግር ከወለሉ አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ።

ይሄኔ ፈራሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ሰውየው ከተሳፈረ አባቴ ይሄዳል፤ የሚሄደው ደግሞ ማንም ወደማያውቀው፣ ኖሮበት ወደማያውቀው ቦታ ነው። የመጨረሻው ክፍል የሚቀረጸው ሐሙስ መሆኑን ደውዬ አረጋገጥኩ። ረቡዕ ማለዳ የአባቴን ወገብ ከወገቤ ጋር በሻርፕ አሰርኩና አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ረዳቱ «ሽማግሌው ከፍ ብለዋል» አለ። «መቀመጫ ይዘዋል» አልኩት፤ አለፈን።

ስቱዲዮው የቀድሞ የዱቄት መጋዘን ነው። ድራማውን የሚጽፈውም የሚያዘጋጀውም ውብሸት የሚባል ሰው ነው። አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ጋሼ! እኔ እኮ ውብሸት ነኝ፣ የሰባተኛ ‹ለ›!»

አባቴ ያስተማረው ልጅ ነው። ጉድ እኮ ነው!

«አንተ ነህ ይሄን የጻፍከው?» አልኩት።

«በፍቅር ነው የጻፍኩት እኮ ኮኪላ። ለጋሼ መታሰቢያ ብዬ።»

«መታሰቢያ ለሞተ ሰው ነው። ጭንቅላቱን እንዲህ ሲያወዛውዝ አይተህ ታውቃለህ?»

«እሱንስ አላየሁም።»

«አማርኛ ሲሰባብርስ?»

«ኧረ በጭራሽ! የእኔን ድርሰት ሳይቀር ያረሙልኝ እሳቸው አይደሉ?»

«ታዲያ?»

ራሱን አከከ። «አማርኛውን አጥርቶ ከተናገረ ተመልካቹ ሕንድ መሆኑን በምን ያውቃል?»

«አይወቅ! ምን ይመጣበታል? መልአክ አድርገው አላልኩህም። ግልፍተኛ ነው፤ ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ ጠመኔ ይወረውራል። እሱን አትጽፍም ነበር? ይሄንን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?»

«ከፊልም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጋቸው።»

መስታወቱ ፊት ናሁሠናይ የሚባለው ተዋናይ ተቀምጧል፤ ሚስተር ማሳላን የሚጫወተው እሱ ነው። ሩሐማ የምትባል ሜካፕ ሠሪ ፊቱን ቡናማ ቀለም ትቀባዋለች። የልጁ የቆዳ ቀለም ከአባቴ አይለይም፤ እጃቸውን ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ።

«ምን እንዲሆን ብለሽ ነው የምትቀቢው?» አልኳት።

«ሕንድ እንዲመስል።»

«ሳትቀቢው ምን ይመስላል?»

ሩሐማ የናሁሠናይን እጅ አየች፣ የአባቴን እጅ አየች። «ቀቢ ተብዬ ነው» አለችና መቀባቷን ቀጠለች።

ውብሸት ይቅርታ ጠየቀኝ። መጨረሻውን ግን አልቀይርም አለ፤ እሑድ መተላለፍ አለበት፣ ስፖንሰር አለ። «ጋሼ ምንም አይሆኑም፤ ድራማ እኮ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ አባቴ እግር ሥር እንደተተከለ። እግሩ አሁን አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል።

መብራት በራ። በአንድ በኩል የመማሪያ ክፍል ሠርተዋል፤ ተማሪ የሚሆኑ ወጣቶች ተደርድረዋል። በሌላው በኩል ዐሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና የኮምፔንሳቶ መስኮት አለ፤ አውሮፕላን መሆኑ ነው። ናሁሠናይ ሻንጣውን አንሥቶ ተማሪዎቹን «እኔ አገር መሄድ ነው» ብሎ ተሰናበተ። ሻርፑ ሆዴ ላይ ከረረ። አባቴ ወደ ላይ ይስበኛል፤ እኔ ወደ ታች እስበዋለሁ። ጫማዬ ተንሸራተተ። «አባዬ በእናትህ!» አልኩ።

ይሄኔ አባቴ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጥቁር ሰሌዳ አየ። ለጌጥ ያህል ሒሳብ ተጽፎበታል፦ ግማሽ ሲደመር ሲሶ፣ እኩል ይሆናል ሁለት አምስተኛ።

አንገቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። እግሩ ወለሉን ሲነካ ጫማው ቋ አለ። ሻርፑን ፈትቶ ሰጠኝ፣ በካሜራው ፊት አቋርጦ ሄደና ናሁሠናይን «ዞር በል አንተ» ብሎ ገፋ አደረገው። ጠመኔውን አነሣ።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

አማርኛው ጥርት ያለ የድሬ አማርኛ ነበር። ውብሸት ቀስ ብሎ እጁን አወጣ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት።

«ና ውጣ!»

ወጣ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰሌዳው ፊት ቆመ።

«ሥራው።»

«ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው…»

«ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄንን ተሸክመህ ዞርክ? አቦ አታፍርም? ታችኛው ሳይመሳሰል ላይኛው ይደመራል?»

«አይደመርም ጋሼ።»

«እኔንስ እንዲሁ አይደል የደመርከኝ? ከፊልም አንድ፣ ከሰው ቀልድ አንድ! ቤቴ ስንት ቀን በልተሃል? ቤቴ እንዲህ ዓይነት ሰው አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ተንበርከክ!»

ውብሸት ተንበረከከ። አለቀሰም፤ አይቼዋለሁ፤ አላሳዘነኝም። ካሜራው አሁንም ይቀርጻል። አቁሙ የሚለው ሰው ስለተንበረከከ ማንም አላቆመውም። አባቴ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠርጎ አምስት ስድስተኛ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረ። «እኔ የትም አልሄድም» አለ። «ገባችሁ?»

ናሁሠናይ የተለጠፈውን ጢም ከከንፈሩ ላይ ላጠው። «ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ ልጫወትዎት?» አለ።

«ቁጭ በልና እየኝ።»

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጨረሻው ክፍል ተላለፈ። ውብሸት ምንም አልቆረጠም። አባቴ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፓፓያ ላይ ሎሚ እየጨመቀ ይበላል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አባቴ ደግሞ የተቀረጸውን ጨርሶ ያልተቀረጸውን ቀጠለ። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ መዳፉን አራገፈ፣ ፊቱ የቴሌቪዥኑን መስኮት እስኪሞላው ድረስ ቀረበ።

«እናንተ» አለ። «ዐሥራ ሦስት ሳምንት ስትስቁ ነበር። ተነሡ።»

ከየቤቱ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። እኔም ተነሣሁ።

«ስሜ ማን ነው? የሚያውቅ ይቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። አብዱረዛቅ ከሱቁ ውስጥ «ሃስሙክ!» ሲል ተሰማኝ። ቀስ በቀስ ሰፈራችን ተቀመጠ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ሩሐማ ናት፣ ከአዲስ አበባ።

«ኮኪላ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ቆሟል። እናቴም ቆማለች፤ ጉልበቷ ሊከዳት ነው።»

«ስሙን ንገሪያታ።»

«ነገርኳት። ሃስሙክ ልትል አፏን ትከፍታለች፤ የሚወጣው ማሳላ ነው።»

ስልኩን ይዤ ወደ አባቴ ዞርኩ። «እስከ መቼ ነው የሚቆሙት?»

አፉን ጠረገ። «ጡረተኛ ነኝ» አለ። «ጊዜ አለኝ።»

ሰኞ ጠዋት ፋርማሲዬን ልከፍት ስወጣ ከማዶ ያለው ሆቴል መስኮቶች ክፍት ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች በየክፍላቸው፣ አንዳንዱ በፎጣ፣ አንዳንዱ በሙሉ ልብስ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። መብራት ከሄደ ሰዓታት አልፈዋል፤ የቴሌቪዥኑ መስኮት ጥቁር ነው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣቸውም።