ዓርብ ከወደብ አይነሱም

ኤልቪን ዚንክ የሸራ ጀልባውን ለጉዞ ማዘጋጀት ከጀመረ ዘንድሮ አራተኛ ፀደዩ ነው። አንዱን ጠገንኩ ሲል ሌላው ይታየዋል። ሆዷን ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ ሞተሩ ያስለዋል፤ ሞተሩ ሲድን ሸራው ይተረተራል። የሉነንበርግ ወደብ ሰው «መቼ ትነሳላችሁ?» ማለቱን ትቶ «ዛሬስ ምኗን አመማት?» ማለት ጀምሯል።

ሚስቱ ቬርና መጀመሪያ ላይ አልከፋትም ነበር። የታዘዘ ዕቃ እስኪመጣ ባሏን በአሮጌዋ ፒክአፕ ጭና አገር ታዞረዋለች። ፓምፕ ሲጠብቁ የአናፖሊስ ሸለቆን የፖም አበባ አዩ፤ ብሎን ሲጠብቁ የየመንደሩን ኬክ ቀመሱ። «የመርከበኛ ሚስት ሆና በጎማ የዞረች እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች።

ዘንድሮ ግን ሰባ ሞላት፤ ጉልበቷም ያንገራግራት ጀመር። በምሥራቅ በኩል እስካለችው ኬፕ ብሬተን ደሴት በባሕር መሄድን ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኘዋለች። አሁን ካልሆነ መቼም እንደማይሆን ታወቃትና አንገበገባት።

ረቡዕ እራት ላይ ራዲዮው ከዓርብ ጀምሮ መልካም ነፋስ እንደሚነፍስ ተናገረ።

«ዓርብ እንሄዳለን» አለች።

ኤልቪን ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ? ገደ ቢስ ቀን ነው፤ ዓርብ ከወደብ የሚነሳ ማን አለ? አባትሽ አልነገሩሽም?»

«እሺ ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ የውሃ ቱቦውን እቀይራለሁ።»

ቬርና ሳህኖቹን አነሳች። አባቷማ ነግረዋታል፤ ማምለጫውንም ጭምር። ዓርብ የገጠመው ካፒቴን ሐሙስ ዕለት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ መልህቁን ይጥላል፤ በማግስቱ «የጀመርኩትን ልቀጥል ነው እንጂ መች ተነሳሁ» ይላል።

ሐሙስ ከሰዓት ኤልቪን ጭንቅላቱን የሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሯል። ቬርና «ላጽዳ» እያለች ከጠዋት ጀምሮ ስንቅ ስታስገባ ውላለች። ጀልባዋ ከወደቡ የታሰረችባቸውን ገመዶችም አንድ በአንድ ፈትታለች።

«እስቲ አስነሺልኝ፣ ድምፁን ልስማው!» አለ ከታች።

አስነሳችው። ማርሹንም አስገባች።

እጁ በዘይት ተለውሶ ብቅ ሲል ወደቡ ርቋል። «ቬርና! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሐሙስ እየተነሳሁ።»

«ቱቦውስ?»

«አራት ዓመት የያዘ ቱቦ ዛሬ ይለቃል? ማዶ መልህቅ ጥለን እናድራለን። ጠዋት መመለስ ካማረህ ከኋላ በታሰረችው ትንሽ ጀልባ ቀዝፈህ ተመለስ። እኔ ግን እሄዳለሁ።» መሪውን በሁለት እጇ ያዘች።

ኤልቪን ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን አየና ዘጋው።

ማዶ ሲደርሱ ቬርና ወደ መልህቁ አጎነበሰች።

«ተይው» አላት። «ያ የዓርብ ነፋስ ቀድሞ መጥቶልናል። እንዲህ እየነፈሰ ምን ያስተኛናል?»

የሸራውን ገመድ ሳበ። ሸራው ጥቂት ተርገፈገፈና ሞላ። ሞተሩን አጠፋው፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አላት፣ ባሕሩን እያየ። «የሚጠገን ነገር እስካለ ድረስ የማላረጅ መስሎኝ ነበር።»

ቬርና ጠጋ አለችው። እጁን ያዘችው፤ ዘይቱ እሷንም ለቀለቃት። ከዚያ እግሩን አየችና በሳቅ ፈነዳች።

«ምነው?»

«ጀልባዋን እንዳላቆሽሽ ብለህ ያወለቅከው ጫማ ወደቡ ላይ ቀርቷል!»

ኤልቪን ካልሲውን አየ። ዞሮ ወደቡን አየ። ከዚያም መሪውን ወደ ምሥራቅ አቀና።

«ይጠብቀን» አለ።