የጓድ ይመር ጉሮሮ

«ለቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ! ሊቀ መንበራችን ጓድ ይመር ጉሮሯቸውን ስለታመሙ የእሑዱ ስብሰባ ለሳምንት ተላልፏል!»

የድምፅ ማጉያው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ እስከ ወንዙ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቅያሱን እስኪታጠፍ ድረስ አዘነ።

በአብዮቱ አምስተኛ ዓመት፣ እንጥል ማስቆረጥ በቀበሌያችን የተከለከለው በጓድ ይመር ነው። ቆራጯ እትዬ ዋጋነሽ ፊት ወንበር ላይ ሆነው አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ እንጥሉ የወረደ ሰው የለም።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ በላይነሽ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ገነትን አዝላ ክሊኒክ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የልጅቷ ጉልበት አብጦ ነበር፤ እሱ ሲሻለው ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ፤ አሁን ክርኗ ላይ ነው። ክሊኒኳ አንድ ክፍል ናት፤ የአንዱን በሽታ ሁሉም ይሰማል። አግዳሚው ላይ ጓድ ይመር አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። እትዬ ዋጋነሽም አሉ።

«ዘመድ ልጠይቅ ነው» አሉ እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐኪሙ አምሐ ገነትን አፏን አስከፍቶ አየ። «እንጥሏ የታለ?»

«ስትወለድም አልነበራትም» አለች በላይነሽ።

«ሰሞኑን ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

በላይነሽ ጓድ ይመርን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ኧረ በጭራሽ!»

«ስሚኝ። ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር መገጣጠሚያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ልብ ያበላሻል። አሟት ከነበረ በየወሩ ፔኒሲሊን እወጋታለሁ። ካልሆነ ሌላ በሽታ ስፈልግ ጊዜው ይሄዳል።»

«አላመማትም አልኩህ እኮ!»

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «እስካሁን ልቧ ደህና ነው።»

በላይነሽ ማዳመጫውን ሳመችው። ግን እውነቱን አልተናገረችም።

ሐኪሙ ተነፈሰና ወደ አግዳሚው ዞረ። «ጓድ ይመር፣ እርስዎን ደግሞ እንይ። አፍዎን ይክፈቱ።»

ጓድ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁሉም ሲያያቸው ከፈቱ። ሐኪሙ በባትሪ አበራና ጠጋ ብሎ አየ። ሲቆይ እትዬ ዋጋነሽ አልቻሉም፤ ብድግ ብለው እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኸው መግሏል! ቁስሉ እስኪደርቅ ትኩስ ነገር አይቅመሱ አላልኩም?»

ጓድ ይመር አፋቸውን ቀስ ብለው ገጠሙ።

በላይነሽ ሐኪሙን እጅጌውን ያዘችው።

«ጉሮሮዋን ካመማት ሦስት ሳምንት ሆናት፣ ዶክተር» አለች። «መርፌውን አዘጋጅ።»