አስተኚው የተባለው ዲስክ

በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠራውን የኮምፒውተር ባለሙያ ባልደረቦቿ ጉንዳን ይሏታል፤ አንዴ ከነከሰች አትለቅማ። እሷም ስሙን አትጠላውም።

ሰሞኑን የነከሰችው አዲሱን ኃላፊ ነው። ሰውየው መብራት ልቆጥብ ብሎ፣ አምስት ደቂቃ ሥራ የፈታ ዲስክ ሁሉ መሽከርከሩን አቁሞ እንዲተኛ አዘዘ። ለአዲሶቹ ዲስኮች ግድ የለም። የምስክሮች ድምፅ የተቀዳበት አሮጌው ዲስክ ግን በቀን ሃምሳ ጊዜ እየተኛ ሃምሳ ጊዜ ሲቀሰቀስ፣ እንደ አስም በሽተኛ ማቃሰት ጀመረ። ሁለቴ ጭራሽ አልነሳም ብሎ፣ ማሽኑን አጥፍታ ስታበራው ነው እንደምንም የነቃው።

አርብ ደግሞ የአንዲት አዛውንት እናት የቤት ክርክር ይሰማል። ያላቸው ምስክር አንድ ጎረቤታቸው ነበሩ፤ ጎረቤትየውም ሞተው ቃላቸው የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዳኛው ዋናውን እንጂ ቅጂ አይቀበሉም። ጉንዳን ይህን ሁሉ ጽፋ ሳይቃጠል በቅጠል ብትል፣ ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷም ያበጠው ይፈንዳ ብላ ማሽኑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተችና፣ ለዚያ ዲስክ ብቻ የመተኛ ሰዓቱን ዜሮ አደረገችው። ዜሮ ማለት ፈጽሞ አትተኛ ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ኃላፊው የዲስኮቹን የመብራት ፍጆታ ሪፖርት ይዞ ከች አለ።

"ይሄ ዲስክ ለምንድነው የማይተኛው?"

"እኔ ነኝ አትተኛ ያልኩት።"

"በይ አሁኑኑ አስተኚው።"

"አላስተኛም።"

"ትእዛዝ ነው እኮ የምልሽ።"

"ገብቶኛል አለቃ። በእኔ ስም ግን አይጻፍም። ወንበሩ ይኸው፣ በራስዎ ስም ይግቡና ይጻፉት። ማሽኑ ማን ምን እንዳዘዘ ከነሰዓቱ ይመዘግባል።"

ሰውየው በንዴት ተቀመጠ። ስሙን ጻፈ፣ የይለፍ ቃሉን ጻፈ። ትእዛዙን ስለማያውቀው እሷው ፊደል በፊደል ነገረችው፤ ልታሳስተው እንኳ አልሞከረችም። የቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነበር።

"ካልነቃስ?" አለ ድንገት።

"ያኔ እማማ ማን አስተኛው ብለው ሲጠይቁ መልሱ እዚህ ይገኛል።"

ጣቱ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁን ሰብስቦ ተነሣ።

"ስብሰባ አለብኝ፤ አንቺ ጨርሺው" ብሏት ወጣ።

ጨረሰችው። እሱ የጻፈውን አጥፍታ ከስሙ ወጣች፣ በራሷ ስም ገባች። ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ዜሮው እንዳይረሳ፣ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ውስጥ ጻፈችው። ከበላዩም ስሟን ከነአባቷ አስፍራ "ይህ ዲስክ እንዳይተኛ ያዘዝኩት እኔ ነኝ" የሚል ጨመረች። ከሥራ ሊያባርሯት እንደሚችሉ ታውቃለች፤ ፈርታለችም። ቁልፉን ግን ተጫነችው።