የታሰረው መቆሚያ

ረቡዕ ታኅሣሥ 15 ቀን ጠዋት፣ ጠጄ የምትባል አንዲት እናት የአርባ አምስት ቀን ልጇን ታቅፋ፣ ከኮዬ ፈጬ በሁለት ታክሲ አቃቂ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ መጣች። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ዳሲቱ በመስኮቱ በኩል የልጁን ስም ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። በዕለቱ መከተብ ያለባቸው ሕፃናት ዝርዝር አሥራ ዘጠኝ ስሞች ይዟል፤ የጠጄ ልጅ ግን ከመካከላቸው የለም። ዳሲቱ ስሙን ደግማ ጻፈች፤ ሦስተኛም ሞከረች። የለም።

«እኔ እኮ ቀኑን ቆጥሬ ነው የመጣሁት» አለች ጠጄ፣ ሕፃኑን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች። «አልተወለደም ካላችሁ ታዲያ ይኼ የማን ልጅ ነው?»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ዳሲቱ አልሳቀችም። ልጁን የመዘገበችው በገዛ እጇ ነው፤ የመመዝገቢያውን ቁልፍ በተጫነች ጊዜም ፕሮግራሙ አንዳች ቅሬታ እንዳላሰማ ታስታውሳለች።

የክትባት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ብዙወርቅ ትልቁን የወረቀት መዝገብ አውጥታ የልጁን ስም አገኘችው፤ ልጁም ተከተበ። ከዚያ ግን ሲስተር መዝገቡን ይዛ ከዳሲቱ አጠገብ ተቀመጠችና ስም በስም አመሳከረች። ከሁለት መቶ አሥራ ስምንት ሕፃናት አራቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አልተገኙም።

«ዳሲቱዬ፣ ልፋትሽን አውቀዋለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገር ግን አንድ ልጅ ክትባት ቢያልፈው ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። የፕሮግራምሽ የሁለት ሳምንት ሙከራ ዓርብ ያበቃል። እስከዚያ አራቱ ለምን እንደጠፉ ካልነገርሽኝ በወረቀቱ እንቀጥላለን፤ የኮምፒውተሩም ነገር በዚሁ ይቀራል።»

ፕሮግራሙን የሠራችው ዳሲቱ ራሷ ነበረች። ሴት ልጇ ኢፍቱ አግብታ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ አሮጌ ላፕቶፗን ለእናቷ ትታላት ነበር፤ ዳሲቱም በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በልጇ ዕድሜ ካሉ ወጣቶች ጋር እየተቀመጠች፣ ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። ጀማሪን የሚገጥመው ሁሉ ገጥሟታል። ቤቷ ያለችግር የሚሠራው ፕሮግራም መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ሲደርስ አልከፈት አለ፤ መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ ስትጽፍ የገዛ ላፕቶፗን ማኅደር አድራሻ እንዳለ ገልብጣ ኖሮ፣ ፕሮግራሙ በሰው ኮምፒውተር ውስጥ የእርሷን ማኅደር ሲፈልግ ነበር። ቀጥሎ በሁለት ወር ሕፃን ዕድሜ ላይ አንድ ወር ብትደምር ሃያ አንድ ወር ሆነ፤ ማሽኑ ቁጥሮቹን እንደ ፊደል ቆጥሮ ጎን ለጎን ደርድሯቸዋል። ይህን ሁሉ መምህሯ ወንድዬ በስልክ እየመራት አስተካክላዋለች። አሁን ግን ወንድዬ ለለቅሶ አገር ቤት ሄዷል፤ ስልኩም አይሠራም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ፈቃድ ጠይቃ፣ የጤና ጣቢያውን መረጃ በፍላሽ ቀድታ፣ ከሐዲዱ ማዶ ወደሚገኘው ቤቷ ተመለሰችና ላፕቶፑን በረንዳው ላይ ከፈተች። ባሏ ጃለታ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጃለታ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነው። የማሽኖቹ ጩኸት ቀኝ ጆሮውን ስለወሰደበት ዳሲቱ ሁልጊዜ የምትቀመጠው በግራው በኩል ነው።

«ምን ሆነች?» አለ። ማሽንን ሁሉ እንደ ሴት ነው የሚጠራው።

«አራት ልጆች ዋጠች።»

«ዋጠች ወይስ አልተቀበለችም?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ውጣቸው ከሆነ ሆዷ ውስጥ አሉ። ካልተቀበለች ግን በር ላይ ቀርተዋል። መጀመሪያ የቱ እንደሆነ እወቂ። አንዱን አሁን መዝግቢና ወዲያው ፈልጊው።»

ዳሲቱ የጠጄን ልጅ እንደ አዲስ መዘገበች። ሳጥኖቹ ባዶ ሆነው ለቀጣዩ ልጅ ተዘጋጁ፤ ልክ እንደተሳካ። ስሙን ፈለገች፤ የለም። ከዚያ ሌላ ስም ፈጥራ ሌላ የልደት ቀን ሰጥታ መዘገበች። ያኛው ወዲያው ተገኘ።

«በር ላይ ነው የቀሩት» አለች።

«ጎሽ። ታዲያ ስትመልሳቸው ለምን አልጮኸችም?»

ዳሲቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች።

«ትጮህ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ አፏን ያስያዝኳት።»

በሙከራው ሁለተኛ ቀን፣ ሠራተኛው ተሰብስቦ በሚያይበት ሰዓት፣ ፕሮግራሙ በሥራው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም የስሕተት መልእክት አወጣ። የጥበቃ ሠራተኛው ጂራታ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ ዳሲቱ፣ እሷም ታመመች እንዴ? ካርድ ይውጣላት!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዳሲቱ በማግስቱ ከኢንተርኔት ያገኘቻቸውን ጥቂት መስመሮች ፕሮግራሙ ውስጥ ጨመረች። መስመሮቹ ስሕተት ሲፈጠር ያዘው ይላሉ፤ ከተያዘ በኋላ ምን ይደረግ የሚለውን ግን ባዶውን ተወችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ አልቆመም።

«ምን ላድርግ» አለች። «ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ደግሞ የእኔ እጅ ያበላሸው መሰለኝ። እጄን ታውቀው የለ።»

ይህን አነጋገር ጃለታ ለዓመታት ሰምቶታል። ብርጭቆ ስትሰብር፣ ወጥ ሲያርርባት፣ ቁልፍ ሲጠፋባት፣ «እጄን ታውቀው የለ» ትላለች። ከየት እንደመጣም ያውቃል። ዳሲቱ በሃያ አንድ ዓመቷ በዚያው ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። አንድ ቀን ከማሽኗ የወጣው ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር አንድ ክር የጎደለው ሆኖ ተገኘ። ቸልተኛ ተብላ ከማሽን ወርዳ ጥጥ እንድትጠርግ ተመደበች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ፋብሪካውን ለቀቀች።

ጃለታ ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አኖረ።

«ዳሲ፣ አርባ ሦስት ቁጥር ማሽን ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳኛል?»

«የድሩ ክር ሲበጠስ ክሩ ላይ የተንጠለጠለችው ቀጭን ብረት ትወድቃለች፤ ብረቷ ስትወድቅ ማሽኗ ትቆማለች። ያን ሰሞን አርባ ሦስት ያለምክንያት እየቆመች መከራዬን ታሳየኝ ነበር። አለቃው ምርት ምርት ይላል። የሚቀየር ዕቃ ደግሞ አልነበረም።» ጉሮሮውን ጠረገ። «መቆሚያውን በሽቦ አሰርኩት።»

ዳሲቱ እጆቿን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች።

«ክሩ ተበጠሰ፤ ማሽኗ ዝም ብላ ሠራች። አንቺ በስድስት ማሽኖች መካከል ትሮጪ ነበር፤ በዓይንሽ ልታዪው አትችዪም። ጨርቁ ከተያዘ በኋላ ሽቦውን ፈትቼ ጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። የአንቺ እጅ አልነበረም፤ የእኔ እጅ ነው።»

ዳሲቱ ተነሥታ ወደ ግቢው ወረደች። ገመድ ላይ የደረቀውን ልብስ አንድ በአንድ አወረደች፤ እያንዳንዱን ከሚገባው በላይ ቀስ ብላ አጠፈችው። ጃለታ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም። ተመልሳ ስትመጣ በርጩማዋን አንሥታ በማይሰማበት በቀኙ በኩል ተቀመጠች። እርሱም የራሱን በርጩማ ይዞ ዞሮ፣ ግራ ጆሮው ወደ እርሷ እንዲሆን አድርጎ እንደገና ተቀመጠ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች።

«አዎ።»

«በመጀመሪያው ዓመት ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«እንዳትጠዪኝ ፈራሁ። ከተጋባን በኋላ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።»

«እጄ ነው፣ እጄ ነው ስል እዚህ ተቀምጠህ ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር። በዚህኛው ጆሮ።»

ዳሲቱ ወደ እርሱ አላየችም። ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ ዘርግታ ጥቂት ተመለከተቻቸው፤ ሰው ወስዶት የኖረ የራሷ ዕቃ ተመልሶ የተሰጣት ይመስል ነበር። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ስባ፣ በዚያ ሰሞን የጨመረቻቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ደመሰሰች።

«ትጩህ» አለች።

የጠጄን ልጅ መዘገበች። ፕሮግራሙ ቆመ፤ ረጅሙ መልእክትም ወጣ። ዳሲቱ ሳትቸኩል አነበበችው። የተጻፈው ነገር ትክክለኛ ቀን ሆኖ አልታወቀም ይላል።

«ጥቅምት ሠላሳ እንዴት ቀን አይሆንም? ልጁ የተወለደበት ቀን ነው!»

«ሌሎቹ ሦስቱስ?» አለ ጃለታ።

ማስታወሻዋን ገለጠች። «ጳጉሜ ሁለት፣ ጳጉሜ ሦስት፣ ጳጉሜ አራት። እነዚህስ ይገቡኛል፤ ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ማሽኗ የምታውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት ግን ሁለተኛ ወር ነው፤ ሁለተኛ ወር እነርሱም አላቸው።»

«የእነርሱ ሁለተኛ ወር ስንት ቀን ነው?»

«ሃያ ስምን—» ብላ አቋረጠች። ጣቷ 30/2 የሚለው ላይ ቀረ።

ነገሩ ሁሉ ተገለጠላት። በእናቶች ካርድ ላይ ያለውን የእኛን ቀን እንዳለ ጽፋ፣ በፈረንጅ ወራት ብቻ ለሚቆጥር ማሽን ሰጥታው ኖሯል። ከፈረንጁ ወር ጋር የገጠመው አለፈ፤ ያልገጠመው ተመለሰ። ከደስታዋ ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባትና ፊቷ ተለወጠ። ያለፉትስ? ጥቅምት ሃያ የተወለደን ልጅ አወጣች። አርባ አምስት ቀን ሲደመር ታኅሣሥ አምስት ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ግን ታኅሣሥ ስድስት ብሏል። ማሽኑ የደመረው በሃያ ስምንትና በሠላሳ አንድ ቀን ወሮች ነው። ብዙዎቹ ልጆች ቀጠሯቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ተዛንፏል፤ ጳጉሜን የተሻገሩት ደግሞ ከዚያም በላይ።

«ከአራቱ ይልቅ እነዚህ ያስፈራሉ» አለች ቀስ ብላ። «የጠፋው ልጅ እናት መጥታ ትጠይቃለች። የተዛነፈውን ማን ይጠይቃል?»

«ታዲያ የእነርሱን ቀን ተዪውና በእኛ ቁጠሪ። ወሩ ሁሉ ሠላሳ ነው፤ ምን ያስቸግራል?»

በእርግጥም አላስቸገረም። ዳሲቱ የተዘጋጀውን የፈረንጅ ቀን ከፕሮግራሙ አውጥታ የራሷን ቆጣሪ ጻፈች፤ አሥራ ሁለት ወር እያንዳንዱ ሠላሳ፣ ጳጉሜ አምስት፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት። የደመሰሰቻቸውንም መስመሮች መልሳ ጻፈች፤ ስሕተት ሲፈጠር ምን ይደረግ በሚለው ቦታ ግን አሁን ስሕተቱ ምን እንደሆነ በአማርኛ የሚናገር መልእክት አስገባች። ጃለታ እርሳስ ይዞ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእጁ እየደመረ፣ ማሽኗን ሊያሳስት እስከቻለ ድረስ አስቸጋሪ ቀኖች ጠራላት።

«ጳጉሜ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት!»

«ተቀበለች።»

«ጳጉሜ ሰባት!»

ፕሮግራሙ ቆሞ «እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ እባክዎ ካርዱን ይመልከቱ» አለ።

«ኧረ ተቆጣች!» አለ ጃለታ፤ ዳሲቱም ሳታስበው ሳቀች። ፀሐይዋ ገና ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ሳትወርድ የሁለት መቶ አሥራ ስምንቱን ሕፃናት ቀጠሮ እንደገና አስልታ ጨረሰች።

ዓርብ ጠዋት ዳሲቱ የታረመውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነች፤ ሲስተር ብዙወርቅም መዝገቧን ይዛ መጣች። ዳሲቱ ወንበሯን ለቅቃላት ቆመች።

«አራቱን ልጆች ውጭ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ቀናቸውን በማይሆን አቆጣጠር ሰጥቼ። ስሕተቱ እንዳይታይ የሸፈንኩትም እኔው ነኝ፤ አፍሬ። የሌሎቹም ቀጠሮ ተዛንፎ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ። የተለወጠው ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ አለ፤ በመዝገቡ አመሳክሪው።»

ሲስተር ወረቀቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አመሳከረች። ሠራተኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ተሰበሰቡ፤ ጂራታም በመስኮቱ ብቅ አለ። ስሞቹ ሁሉ ተገኙ። ከዚያ ሲስተር ሆን ብላ የልደት ቀኑን ባዶ ትታ የመመዝገቢያውን ቁልፍ ተጫነች። ፕሮግራሙ ቆመ።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ደግሞ አገረሸባት!» አለ ጂራታ።

«አላገረሸባትም» አለች ዳሲቱ ዘወር ብላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ። «ቀኑን ሳትጽፉ አላልፍም ነው የምትለው። አንተስ በሩ ላይ የቆምከው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲገባ ነው?»

በዚህ ጊዜ የተሳቀው በጂራታ ነበር፤ እርሱም አብሮ ሳቀ። ሲስተር ብዙወርቅ መዝገቡን ዘጋች።

«ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን እስከ የካቲት እንሂድ» አለች። «ሰኞ ለነርሶቹ አሳዪያቸው። ደግሞ ይህን መልእክት አታጥፊብኝ።»

ጃለታ ከጠዋት ጀምሮ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ካርድ ከሚጠብቁ ሕሙማን መካከል ተቀምጦ ነበር። ዳሲቱ ለምሳ ስትወጣ ፊቷን አይቶ መልሱን አወቀና ተነሣ። አብረው ወደ ሐዲዱ አቀኑ።

«ስለ ሽቦው ገና አልጨረስኩም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ቀስ ብዬ ነው የምጠይቅህ። ሁሉንም ትነግረኛለህ።»

«ሁሉንም» አለ። ድንጋዩ እንዳያዳልጠው ክንዱን ያዘችው፤ ሐዲዱን ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቀችውም።

በመጋቢት ወር ከሌላ ጤና ጣቢያ ሁለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሥራውን ሊማሩ መጡ፤ ያስተማረቻቸው ዳሲቱ ነበረች።