ማካፈል የማይገባት ልጅ

ፋርማሲስቷ ቀኑን ሙሉ ቆማ መድኃኒት ስታድል ትውልና፣ እግሯ እንዳበጠ፣ ከሥራ ስትወጣ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የሰፈሩን ልጆች በነፃ ታስጠናለች። ስትጀምር «ለአንድ ወር ብቻ» ብላ ነበር። ያ አንድ ወር ይኸው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

በዚያ ሰሞን ግን በቃኝ ማለት አምሯታል። የልጆቹን ጫጫታስ ለምዳዋለች፤ ወገቧን የቆረጠቻት ሚጢጢ ናት። ሚጢጢ ያሏት በቁመቷ ነው። አራተኛ ክፍል ናት፤ ማካፈል አይገባትም። በጠጠር ቢያስረዷት፣ በጣት ቢያስቆጥሯት፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የቤት ሥራውን የጨረሰ ልጅ ወንበሩን ለሌላ ለቆ ይሄዳል፤ ደንቡ ነው። ሚጢጢ ግን በሩ እስኪዘጋ ድረስ እርሳሷን እያኘከች እዚያው ናት።

አንድ ቀን ፋርማሲስቷ ቆርጣ መጣች። የማስጠናቱን ሥራ ለሚመሩት ጡረተኛ መምህር፣ ሁሉም ጋሼ ለሚሏቸው፣ «ከዛሬ ወዲያ አልችልም» ልትላቸው ነው። እሳቸውን ስትፈልግ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ የልጅ ድምፅ ሰማች።

«ዐሥራ ሰባት ብርቱካን ለአምስት ልጅ ብታካፍይ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ይደርሰዋል። ሁለት ይተርፋል። የተረፈው ለማን ይሁን ብለሽ አትጨነቂ፤ ቀሪ ብለሽ ጻፊውና እለፊ።»

አንገቷን አስግጋ ስታይ፣ ሚጢጢ አንዲት ትንሽ ልጅ ታስጠናለች። ፋርማሲስቷ ክው አለች። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

«ነይ እስቲ አንቺ! ማካፈል የገባሽ መቼ ነው?»

ሚጢጢ አንገቷን ደፋች። «ቆይቷል፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን በድዬሽ ነው ጉሮሮዬን የምታደርቂው?»

«ከጨረስኩ ሂጂ ትሉኛላችኋ! ቤት ተቆልፏል። እማዬ ከሥራ እስክትመጣ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ፣ ጎረቤታችን ውሻውን ይለቀዋል። እኔ ውሻ እፈራለሁ።»

የፋርማሲስቷ ንዴት እንደመጣ ሄደ፤ ድካሙ ግን የትም አልሄደም። ጋሼን አግኝታ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ ዘረገፈችላቸው፤ የልጅቷን ጉድና የራሷን መዛል።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ወንበሩን እንጂ ልጁ የት እንደሚሄድ አላሰብኩም። ከእንግዲህ ጨረሰችም አልጨረሰችም እናቷ እስክትመጣ ትቆይ። አንቺም፣ ልጄ፣ በየቀኑ መምጣቱን ተዪው። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ወድቀሽ ለራስሽ መድኃኒት ማደል ከመጀመርሽ በፊት።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቁም ራሱ አደከማት።

ሲመሻሽ የሚጢጢ እናት መጣች። ቢሮ ስታጸዳ የዋለች ሴት ናት፤ እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«አስቸገረችሽ አይደል፣ እቴ? ሁሌ የመጨረሻዋ እሷ ናት።»

«ኧረ ምንም! ትናንሾቹን እያስጠናችልኝ ነው።»

እናትየው ልጇን አየት አደረገችና፣ «እሷ?» አለች። ከዚያ፣ «እስቲ አንዴ ልረፍ» ብላ ጫማዋን አላልታ፣ ለሕፃን በተሠራችው ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ዘፍ አለች። ፋርማሲስቷም አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ለመነሣት አቅም አልነበራቸውም። ሚጢጢ ትንሿን ልጅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አሻግራታለች።

ጋሼ መስኮት ሊዘጉ ሲመጡ አዩዋቸው። እሳቸውም ወንበር ስበው ተቀመጡ።