በውሰት የሄደው መቀስ

ረሻድ ፒያሳ ውስጥ አምፖልና ሶኬት ይሸጣል፤ ልቡ ግን ያለው ሌላ ጋ ነው። የሱቁ የኋላ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጥንት ጣሊያኖችና ግሪኮች ጥለዋቸው በሄዱ የአትክልትና የወይን እርሻ መሣሪያዎች ተሸፍኗል። ከሁሉም የሚሳሳለት ለአንድ የወይን መከርከሚያ መቀስ ነበር። ሰው በወርቅ ሲኩራራ፣ እሱ በዝገት ይኩራራል!

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት እንደሱው አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስበው መምህር ማቲያስ መጣ። ማቲያስ ከመዳብ የተሠራ፣ በጀርባ የሚታዘል የወይን መድኃኒት መርጫ አለው። ረሻድ ስንት ጊዜ ለምኖት ነበር። አሁን ማቲያስ በመቀሱ ሊለውጠው ተስማምቷል። ረሻድ በደስታ እጁን ወደ ግድግዳው ቢሰድ፣ ሚስማሩ ባዶ ነው።

«ዘይቱና! መቀሱስ?»

«እትዬ ሰናይት ጽጌረዳቸውን ሊከረክሙበት ወሰዱት» አለች ሚስቱ።

«እሱ እኮ ለማየት ነው!»

«መቀስ ለማየት? ግድግዳ ሙሉ መሣሪያ ሰቅለህ ጎረቤትን የለንም ልበል? ኧረ አታዋርደኝ!»

ሁለቱ ወዳጆች እትዬ ሰናይት ቤት ሮጡ። እሳቸው ደግሞ ለልብስ ሰፊው ለግደይ አውሰውታል። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያገኙት ግደይ ሳቀባቸው። «የሱቅ ሸራ ልቆርጥበት ብዬ ነበር፤ እንኳን ሸራ ቅቤም አይቆርጥ! ጋሽ ፈቀደ ወይናቸውን ሊከረክሙበት ወስደውታል።»

ጋሽ ፈቀደ እሪ በከንቱ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ውስጥ መሰላል ላይ ቆመው፣ የቤቱን ጣሪያ ያለበሰውን ወይን ቅጭ ቅጭ ያደርጋሉ። እጃቸው ላይ ያለው መቀስ ያብረቀርቃል።

«ዝገቱ የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ ማቲያስ።

«ሞርጄ ጣልኩት ልጄ። ስለትም አልነበረውም።»

ማቲያስ ራሱን ነቀነቀ። «በቃ ረሻድ፣ በዚህስ መርጫዬን አልለውጥም።»

ረሻድ እንባው መጣ። ያ ሁሉ ልመና ውሃ በላው። «ጋሼ፣ መቀሱ የኔ ነው፤ ይስጡኝ» አለ።

«ያንተ መሆኑን ማን ካደ? ግን እኔ የተዋስኩት ከግደይ ነው። ላንተ ብሰጥህ ለግደይ ምን ልመልስለት? እሱስ ለሰናይት? ከፈለግህ እንደ ሰው ተዋስ።»

ረሻድንም ወላጆቹ ያሳደጉት እንዲሁ ነው። «እንግዲያው ያውሱኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

የገዛ መቀሱን ተውሶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ መሣሪያ ሲለቅም አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ ቆርጦ አያውቅም። ቅጭ! አንዷ ወደቀች። ቅጭ! ደስ አለው፣ እንዲያውም ሳቁ መጣ። ጋሽ ፈቀደ ከታች ሆነው «እሱን ተወው፣ ያንን ቁረጥ» እያሉ ያዙታል፤ እሱ ከመሰላሉ መውረድ እምቢ አለ።

«እስቲ እኔም አንዴ ልሞክር» አለ ማቲያስ።

«ተራህን ጠብቅ!»

ማቲያስ ሳይሰናበት ወጥቶ ሄደ። ረሻድ ተቀየመኝ ብሎ አዘነ። ከሰዓት በኋላ ግን ማቲያስ ያንን መዳብ መርጫ አዝሎ፣ እያለከለከ ተመለሰ።

«ለመለወጥ አይደለም» አለ ገና ከበሩ። «ይረጭ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

ውሃ ሞሉበት። ማቲያስ እጀታውን ቢገፋው መርጫው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ከዚያ የቀረውን ቅጠልም የጋሽ ፈቀደንም ባርኔጣ አራሰው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ፈቀደ ፊታቸውን እየጠረጉ። «ወይኔን ሻጋታ ይዞብኛልና፣ ይቺን ነገር እስቲ ታውሰኛለህ?»

ማቲያስ መዳቡን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ የተሰበሰበውን ጎረቤት አየ። የለኝም እንዳይል ጀርባው ላይ ናት።

«ይ... ይውሰዱ ጋሼ» አለ።

ከመሰላሉ ጫፍ የረሻድ ድምፅ ተሰማ።

«ከሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ!»